ለልጄ ትምህርት የጠራሁት ዋስ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል በገባች በኅዳር፣ ከአርብ ገበያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ቀኑን ዓርብ አደረጉት፤ በሌላ ቀን ቢሆን የሚመጣ ሰው የለም። ባሌ አውድማ ላይ ነበር። «ሂጂና ተቀምጠሽ ነይ፤ አደራ እንዳትናገሪ» ብሎ ላከኝ። ማን ሊናገር ኖሯል? እኔ እንኳን ሹም ፊት፣ ዶሮ ስሸጥም ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

ልጄ ለጥር ታጭታለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ተድሬ ከአማቴ ቤት ሦስት ጊዜ ኮብልያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አባቴ ራሱ መልሶ አስረከበኝ። የልጄም ነገር እንዲህ እንዳይሆን ፈርቼ ለባሌ ብነግረው «ታዲያ ምን ሆንሽ? ይኸው አለሽ» አለኝ።

ስብሰባውን የመሩት የአጥቢያው ዳኛ ናቸው። ቄሱ ወንበር ላይ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀመጥን። ከጎንደር የመጣው መምህር ደብተሩን ገልጦ፣

«አምና ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ አሁን አራት ናቸው። የቀሩት ተዳሩ» አለ።

«ታዲያ ቆመው ይቅሩ?» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

ቄሱም «የእኔ የቆሎ ተማሪዎች ደግሞ መከር ሲደርስ ነው የሚጠፉት» አሉ። ይህ ለማን እንደሚያግዝ አልገባኝም።

ዳኛው ከሙግት በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ይህንንም እንደ ሙግት ጨረሱት። አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ላትዳር፣ ከትምህርትም ላትቀር፣ ለያንዳንዷ ልጅ ወላጅ ዋስ ይጥራ፤ ከፈረሰ ዋሱ ይታሰራል አሉ። ሦስቱ አባቶች ተነሥተው አንዱ ወንድሙን፣ ሌሎቹ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ።

«አንቺስ? ዋስሽ ማነው?»

ዋስ ጠርቼ አላውቅም፤ በቤታችን የሚጠራ ባሌ ነው። ቀና ስል ከቆሙት መካከል የማውቀው ፊት አንድ ብቻ ሆነብኝ፤ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ወሬ ሊሰማ ጎራ ያለ ሰው። ጣቴን ወደሱ ቀሰርኩ። የልጄ እጮኛ አባት ነው።

ዳኛው አላወቁም። የሚያውቁትም አልነገሯቸውም። በእኛ አገር በአደባባይ ዋስ ተጠርቶ እንቢ ያለ ሰው፣ ሲሞት የሚቀብረው አያገኝም።

«ዋስ ነህ?»

ሰውዬው ወደ በቅሎው ዞሮ ጥቂት አያት። «ነኝ።»

«ንጉሥ ይሙት በል።»

«ንጉሥ ይሙት።»

መምህሩ ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ ኋላ ልጄ ናት።

ስመለስ ሰውዬው መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ደንግጬ ነው ጌታዬ።»

«ደንግጠሽ ሌላ ሰው ብትጠሪ ምን ነበረበት?»

«ሌላ ሰው አላውቅም።»

ጥቂት አብረን ሄድን። «ጌሾው እኮ ተገዝቷል» አለ።

«ጌሾ አይበላሽም፤ ይቀመጥልዎት።»

ባሌ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን የአማቹን አባት አሳስሮ ሠርግ እንደማይደግስ ገብቶት፣ ለድግሱ የለየውን እህል ወደ ጎተራ አስገባ። ሰው ሁሉ ብልሃተኛ ይለኛል። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ጥርም እንደዚያው ስፈራ አለፈ።

በሰኔ ልጄን ለአረም አንድ ቀን አስቀረኋት። በማግስቱ ሰውዬው በጠዋት ደጄ ቆሟል።

«ልታሳስሪኝ ነው?»

«አንድ ቀን ብቻ ናት እኮ።»

«ይህን ለዳኛው ንገሪያቸው።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «ደብተርሽን ያዢ» አላት። ከፊቱ አስቀድሞ ይዟት ሄደ።

የእሱ አገርና የትምህርት ቤቱ መንገድ ከወንዙ ማዶ ይለያያል። ቤቴን ክፍቱን ትቼ እየተደበቅኩ ተከተልኳቸው። መለያያው ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ቆሞ ነጠላውን አስተካከለ፤ እኔም ልሮጥ ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፉ። ከዓይኔ እስኪሰወሩ አየሁና ወደ አረሜ ተመለስኩ።