ለእይታ የተቆረጠው ዘንባባ

ለዕረፍት የሄድኩት ደሴት ለማየት ነበር እንጂ የሰው ጉዳይ ውስጥ ለመግባት አልነበረም። ግን ምላሴ አያርፍም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

ጀልባ ነጂውን ወደቡ ላይ ሁሉም «ቀስ በሉ» ይሉታል። ተሳፋሪ ሲወጣ ቀስ በሉ፣ ሲወርድ ቀስ በሉ፣ ባሕሩ ጸጥ ብሎም ቀስ በሉ ነው። ሃምሳዎቹን ያገባደደ፣ ፀሐይ ያከሰለችው፣ ሲስቅ ያላየሁት ሰው። በሁለት ቀን አምስት ደሴት አሳየኝ። አንዱ ላይ ጫካው እስከ ውሃው ጫፍ ወርዶ ሥሩን ጨው ውስጥ ነክሯል። ሌላው ላይ ፏፏቴው ከጥቁር ገደል ቀጥ ብሎ ባሕር ይገባል። እኔ አፌን ከፍቼ ፎቶ ሳነሳ እሱ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቦታ እየኖሩ ማኩረፍ ምን የሚሉት ነው ብዬ በሆዴ አማሁት።

በሦስተኛው ቀን ስድስተኛው ደሴት ተራው ሆነ። እናቱ የሚኖሩት እዚያ ነው። በየሳምንቱ ዱቄት፣ ጋዝና ሳሙና ያደርስላቸዋል፤ እኔም ከከረጢቱ ጋር ተጫንኩ። ደሴቱ ከሩቅ ያምራል፤ ነጭ አሸዋ፣ ከኋላው አረንጓዴ ኮረብታ፣ ኮረብታው አናት ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ። ግን ዙሪያውን ውሃ ውስጥ የተደበቀ አለት አለ፤ ጀልባ የሚያሳልፈው አንድ ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። እዚያ ልንደርስ ስንል ሞተሩን አበረደ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። እዚህ ስደርስ እጄ እንቢ ይለኛል።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ምናልባት ሂያጅ መንገደኛ ስለሆንኩ ይሆናል።

ድሮ ዳሩ ላይ አንድ ረጅም ዘንባባ ነበር። ጀልባ ነጂ ሁሉ ዘንባባውንና ነጩን ድንጋይ ፊትና ኋላ አሰልፎ እያየ ይገባል፤ ሁለቱ ከተጋጠሙ መንገዱ ያ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራና ባለቤቱ ዛፉ ከመስኮት እይታ ጋረደብኝ አለ። መጋዝ ያለው ቀስ በሉ ነበር፤ ያኔ ይህ ስም አልወጣለትም። ቆረጠው። በቦታው ነገ የምልክት እንጨት እተክላለሁ ብሎ ተወው።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ዓሣ አጥምዶ ተመለሰ። ዝናብ ነበር። እንደ ልማዱ ዘንባባ ፈለገ፣ ዘንባባም አገኘ፤ ከተቆረጠው አጠገብ የነበረውን። እሱን ከነጩ ድንጋይ ጋር አጋጥሞ በሙሉ ፍጥነት መጣ።

«ዳር ላይ ቆሜ እጄን እያወናጨፍኩ ጮህኩ» አለኝ። «ሰላም የምለው መስሎት እጁን አነሳልኝ።»

ወንድሙ ከአለቱ አልተረፈም። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ዛፉን ነፋስ የጣለው እንደሚመስላቸውም ነገረኝ። «ብታውቅ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

እናቱ በአንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሟቹ መረብ። እሱ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊጠግን ሲወጣ እኔና እሳቸው ደጅ ተቀመጥን። የዘንባባው ጉቶ ፊት ለፊታችን ነው። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

«ነገረሻ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነፋስ የጣለው ዛፍ ተገንጥሎ ነው የሚወድቀው። ይሄ ልሙጥ ነው፤ መጋዝ ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን የላትም ብሎኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም? ይቅር ቢሉት...»

«ይቅርማ ካልኩት ቆየሁ። ግን አደራ ልጄ፣ እንዳትነግሪው። ማወቄን ካወቀ አፍሮ ይቀርብኛል። አንዱን ባሕር ወሰደብኝ፤ የቀረውን በሳምንት አንድ ቀን አየዋለሁ።»

እሺ አልኩ። ያልኩትም ከልቤ ነበር።

ስንመለስ ግን ሞተሩ ላይ የጎበጠው ትከሻው ፊቴ ተደቀነ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እናትዎ ያውቃሉ። ይቅር ብለውዎታል።»

ሸክም ያወረድኩለት መስሎኝ ነበር። ለራሴ ጻድቅ ሆኜ ታየሁ። እሱ አልዞረም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየች...» አለና ተወው። ወደቡ ላይ ስወርድ ቀስ በሉ እንኳ አላለኝም።

በሳምንቱ ጀልባው እንደታሰረ ነበር። ወገቤን አሞኛል ብሎ ከረጢቱን ለሌላ ጀልባ ነጂ፣ ለአንድ ለፍላፊ ሰውዬ ሰጥቷል። ወገብ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝና አብሬ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ሰውዬው ስለ ዓሣ ሲያወራ አንድም ቃል አልሰማሁትም።

የቀስ በሉ እናት የሞተር ድምፅ ሰምተው ዳር ድረስ ወርደዋል። ጀልባው የልጃቸው አለመሆኑን ሲለዩ ባሉበት ቆሙ። ከረጢቱን ተሸክሜ አሸዋው ላይ እየተንገዳገድኩ ደረስኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሞቶ ነው ወይስ ነግረሽው ነው?» አሉኝ።

«ነግሬው ነው።»

ከረጢቱን እዚያው አስቀምጪው አሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤታቸው ወጡ።