ፋሻው ንጹሕ ነበር

ነጂባ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ መጋረጃ እየሰፋች የኖረች ሴት ናት። የባሏ የአብዱልሃኪም ኩላሊት ከድቶት እጥበት ሲጀምር፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ደረቱ ላይ ቱቦ ገባለት። ሲስተር ናዝራዊት የምትባል ነርስ ነጂባን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እትዬ ነጂባ፣ ይህ ቱቦ በቀጥታ ወደ ልብ የሚያስገባ በር ነው። ውሃ አይንካው፤ ከእኛ በቀር ማንም አይክፈተው። ፋሻው ከረጠበ፣ መግል ካዩ ወይም ብርድ ብርድ ካለው፣ ሳይውል ሳያድር ያምጡት» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ነጂባ ሌላ ሰው ሆነች። ጥፍሯን ከሥሩ ቆረጠች፤ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ሸሚዙን እንኳ አትነካም። ሰውነቱን በእርጥብ ፎጣ ትጠርግለታለች። ጠጉሩን ስታጥበው ደረቱን በላስቲክ ሸፍና፣ ወደ ኋላ አጋድማ፣ አንዲት ጠብታ አታስነካውም። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት አቅፎ ሊስመው ሲል «በሩቁ! በሩቁ!» ትላለች። አብዱልሃኪም የአራዳ ልጅ ነውና ጨዋታ አያልቅበትም። «ስሙ የኔ፣ ሙያው ያንቺ! ሃኪሙስ አንቺ ነሽ» ይላታል።

የልጃቸው የጁወይሪያ ኒካህ ሲደርስ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ያኔም ነጂባ ፋሻውን ማየት አልተወችም። ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ዙሪያው አልቀላም። የዋዜማው ዕለት ግን ብርድ ልብስ ደራርቦ ተኝቶ አገኘችው።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ድካም ነው። ሰው በዛብኝ።»

ግንባሩን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ፣ ያዘና ሳመው። እሷም ድስት ጥዳ ነበርና ተመልሳ ወጣች።

በማግስቱ ሙሽራዋን መርቆ ሸኘ። የሰርገኛው መኪኖች ጡሩምባ ገና ሳይርቅ ሰውነቱ እሳት ሆኖ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ጀርሙ በቱቦው ገብቶ ደሙን እንደበከለው ነገራት።

«ፋሻው ንጹሕ ነበር እኮ!» አለች።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ እናቴ። አንዳንዴ ከውጭ ምንም ሳይታይ በውስጥ ይገባል። ያኔ የሚናገረው ትኩሳቱ ብቻ ነው። መቼ ጀመረው?»

አብዱልሃኪም ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ከትናንት ወዲያ» አለ።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ኒካሁ ይቀራል ብዬ ነዋ።»

ሁለት ቀን ታግሎ አረፈ። ወንዶቹ ሬሳውን ሊያጥቡ ሲገቡ፣ ነጂባ ከበሩ ውጭ ሆና «ደረቱን ውሃ እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች።

ጁወይሪያ የእጇ ሂና ሳይደበዝዝ ለቅሶ ተቀመጠች። ሴቶቹ ፈቀቅ ሲሉላት ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እማ፣ ለኔ ብሎ ሕመሙን ደብቆ ነው እንዴ?»

ነጂባ ባሏን ልትወቅሰው አማራት፤ ልታለቅስለትም አማራት። የልጅቷን ፊት አየች።

«ማን አለሽ? ድንገት ነው የያዘው» አለቻት። «አጀሉ ደርሶ፣ ቀኑ ሞልቶ ነው።»

ጁወይሪያ አመነቻት። ነጂባም ከዚያ ወዲህ፣ ለሚያጽናናት ሁሉ ያንኑ ትደግማለች።