ኢያሱ ያልደረሰበት ምርመራ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታ ይባረክ! እንደምታውቁኝ እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፤ ቃል ይጠፋብኛል። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ስለ አባባ ምርመራና ስለ ወንድሜ ስለ ኢያሱ ልናገር ነው የወጣሁት። ታገሡኝ።

እሑድ ነበር። አባባና ኢያሱ ከዚሁ ከጸሎት ቤት መጡ፣ ሦስታችንም ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። አባባን ታውቁታላችሁ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ በቀለ። ፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ጨርሶ ተመልሷል፤ ክብር ለጌታ! ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ፣ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱ የሚታይበት ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለው። ደሙ እዚሁ ጅጅጋ ይቀዳና ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ሐኪሙ ውጤቱን በስልክ ይነግረናል። ሁልጊዜ የሚወስደው ኢያሱ ነበር። አይሱዙ ይነዳ ነበር፣ ሐረርና ጅጅጋ ጭነት የሚያመላልስ። እኔ እንኳ... እኔ ከምሳ በኋላ ጫት ላይ ነበርኩ። የጌታን ነገር ሲያወሩኝ እስቅ ነበር።

አባባ የምርመራው ቀን ሲቃረብ ፊቱ ይጠቁራል። እዚህ ቆሞ "ጌታ ፈውሶኛል" ብሎ መስክሯላ! ተመልሶ መመርመር የጌታን ሥራ መጠራጠር መሰለው። ያን ቀንም፣ "ኢያሱ፣ ይብቃን እንግዲህ። የፈወሰኝን ልፈትነው ነው?" አለ።

ኢያሱ አጥንቱን እየጋጠ ሳቀ። "አባባ፣ ያን ለምጻም ጌታ ካነጻው በኋላ ሂድና ለካህን ታይ አላለውም? የገዛ ሥራውን ተጠራጥሮ ነው? ይልቅ እውነቱን ተናገር፣ መርፌ ፈርተህ ነው። ዕድሜ ልክህን መርፌ ይዘህ ኖረህ!"

አባባም ሳቀ። "ሂድ አንተ ባለጌ!"

"ነገ ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት እንሄዳለን" አለ ኢያሱ።

አልደረሰም። ሰኞ ሲመለስ ካራማራ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ማክሰኞ፣ ምርመራ በምንሄድበት ቀን፣ ቀበርነው።

ይቅርታ... እቀጥላለሁ።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሐሰን አባባን፣ "ጋሽ በቀለ፣ የምርመራህ ቀን አልፏል እኮ። ኢያሱ ቢኖር ዝም ይልህ ነበር?" አለው።

"ሐሰን፣ እኔ ሽማግሌው ድኜ ልጄ ሄደ። ከዚህ በኋላ ደሜን ማን ይፈልገዋል? አልሄድም።"

ሐሰን ወደ እኔ ዞረ። "ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ተናገረው እንጂ! ወላሂ፣ ካንተ በቀር የሚሰማው የለም።"

ምን ልበለው? አፌን ስከፍት የመጣልኝ የኢያሱ ቃል ነው። "አባባ፣ ለምጻሙን ያነጻው ጌታ ራሱ አይደል ሂድና ታይ ያለው?" አልኩት። ለአባባ ብዬ የተናገርኩት ቃል እኔኑ ያዘኝ፣ ወንድሞች! ከጌታ ፊት ስደበቅ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ።

አባባ ትክ ብሎ አየኝ። "አንተ ደግሞ ይህን ቃል መቼ አመንከው?"

"አሁን፣ አባባ። አሁን ነው።"

ሃሌ ሉያ! ሰባኪ አልሰበከኝም። ጌታ በወንድሜ ቃል ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አገኘኝ! አባባ ፊቱን በጋቢው ጠረገና፣ "እንግዲያው ነገ አንተ ትወስደኛለህ" አለ።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ አልሰማችም ነበርና፣ "ኢያሱስ?" አለች። አባባ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ "ኢያሱ ጌታ ጋ ነው። ዛሬ ያመጣኝ ታናሹ ነው" አላት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ "ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለኝ። "ካንሰሩ ተመለሰ ማለት ነው?" አልኩት።

"በዚህ ብቻ ተመለሰ አይባልም። ከጨረር በኋላ ቁጥሩ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ አንዳንዴ ትንሽ ወጣ ይልና መልሶ ይወርዳል። አካሄዱን ነው የምናየው። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ላብራቶሪ ይድገሙ። እየጨመረ ቢሄድ እንኳ የምናደርገው ሕክምና አለ። ብቻ እንዳትጠፉ!"

መጠበቅ ከባድ ነው፣ ወንድሞች። አባባ ወገቡን ባመመው ቁጥር "ይኸው መጣ" ይላል፤ እኔ ደግሞ "ስፌት ላይ ስትጎብጥ ውለህ ነው" እለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንጸልያለን። የጸሎት ቃል አላውቅም ነበር፤ አባባ እንደ ሕፃን አስተማረኝ። ቀኑ ሲደርስ ሄደን ደሙን ሰጠ።

ትናንት ሐኪሙ ደወለ። "ወርዷል! እስከ ዛሬ ካየነው ሁሉ ዝቅ ያለው ይኸ ነው!" ክብር ለስሙ ይሁን! አባባ ስልኩን እንደያዘ ተንበረከከ፤ ሐኪሙ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። ሐሰን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጥቶ "አልሐምዱሊላህ!" አለ። እኔ ለኢያሱ ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።

ሐኪሙ ምርመራው ይቀጥላል ብሏል፤ እኛም እንቀጥላለን። ቁጥሩ ወረደም ወጣም ጌታ ያው ጌታ ነው! ወንድሜን ቀብሬ ይህን የምለው እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት አባባ የኢያሱን ኮት አውጥቶ ትከሻውን አጠበበልኝ። እጅጌውን ግን ተወው። "ረዘመብኝ እኮ" ስለው፣ "ገና ታድግበታለህ" አለኝ። ይኸው ለብሼው መጣሁ።

አባቶቼ፣ "ተፈውሻለሁ" ብላችሁ ቀጠሮ የተዋችሁ፣ ወይም ውጤቱን ፈርታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ በጌታ ታመኑና ሂዱ፤ ታዩ። ብቻችሁን አትሄዱም። ነገ ጠዋት አባባ ሱቅ በር ላይ ባጃጅ አቁሜ እጠብቃለሁ። ኢያሱ ቢኖር እሱ ይወስዳችሁ ነበር። እኔ አለሁ።