«ሁለቱም እሺ ይበሉ»

አቶ ይማም ሰይድ ባለፈው ዓርብ ልባቸው ደክሞ እዚህ ሳውዲ፣ ጂዛን ላይ ዐረፉ። መርዶውን ለወዳጆቻቸው የማደርሰው እኔ የሥራ ባልደረባቸው ነኝ፤ እዚህ ሌላ ዘመድ የላቸውም። በየመን ድንበር ከተሞች ያላችሁት በጦርነቱ ፍተሻ የተነሳ ለቀብር አልደረሳችሁም። አልፈርድባችሁም።

እኔ ኮምፒዩተር ያለ አስተማሪ የተማርሁ ሰው ነኝ። በዚህ አገር የውሃ ሞተር መቆጣጠሪያ ኮድ እንደኔ የሚጽፍ አበሻ የለም፤ እርሳቸውም ይህን አይክዱኝም ነበር። እኔ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው ይፈትናሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ኮምፒዩተር ነበር፤ ባንዱ አሮጌው ኮምፓይለር፣ በሌላው አዲሱ። የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው፤ ደንበኞቻችንም አሮጌም አዲስም መሣሪያ ነበራቸው። «ሁለቱም እሺ ይበሉ» ይላሉ። ያኔ ብቻ ዕቃው ከቤት ይወጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከድንበሩ በኩል መድፍ እያጉረመረመ፣ አል-ዒዳቢ ለሚገኝ የእርሻ ጉድጓድ የሠራነውን እንፈትን ነበር። ሞተሩ ሲታዘዝ መቆሙን የሚያረጋግጠው ፈተና አሮጌው ላይ አለፈ። አዲሱ ላይ ግን አሰምብለሩ፣ የኮምፓይለሩ የመጨረሻ ክፍል፣ «አንድ ስም ሁለት ቦታ ተሰጥቷል» ብሎ አሻፈረኝ አለ። አሠሪያችን ካፊሉ በር ላይ ቆሞ «ያላ! ያላ!» እያለ ያጣድፈናል።

«ፈተናውን ሰርዘውና ይሂድ» አልኋቸው። «እኔ የጻፍሁት አይሳሳትም።»

«አንተማ መች ትሳሳታለህ!» ብለው ሳቁ። «ጉድጓዱን ሊጠርግ የሚወርደው ወረቀት የሌለው የኛ ልጅ ግን አንተን አያውቅህም። ሞተሩ አልቆም ቢለው ዝናህን ይጨብጣል?»

የስህተቱን መልእክት ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ ጠረጴዛውን መቱ።

«እስር ቤት ሳለሁ ወታደሩ ‹መሐመድ!› ሲል ግማሹ ክፍል ይነሳ ነበር። ይኸም እንዲያው ነው። አዲሱ ሞተሩን የምታቆመዋን ቁራጭ ኮድ ሁለት ቦታ ገልብጧታል፤ ስሟንም አብሮ።»

እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱን ስም እንዲይዝ አደረጉ። ሁለቱም እሺ አሉ። «ኸላስ፣ አለቀ» አሉ። መሣሪያውን ራሳቸው ወስደው ተከሉ፤ ልጁ ከጉድጓዱ እስኪወጣም ከማቆሚያው አጠገብ አልተነቃነቁም።

ይማም፣ እንደ ልማዳችን አንተ ልበልህ። ትናንት አንድ ሥራ ጨረስሁ። አዲሱ እሺ አለኝ። ዘግቼ ልነሳ ስል ጆሮዬ ጠበቀ፤ «አሮጌውስ?» የሚለኝ የለም። ቤቱ ጭር ብሏል። ተመልሼ ወንበርህ ላይ ተቀመጥሁና አሮጌውን አስነሳሁት። መጀመሪያ እንቢ አለኝ። እኔ ነኝና አላቃተኝም፤ አስተካከልሁት።

ሁለቱም እሺ ብለዋል፣ ወንድሜ። አሁን ዕረፍ።