ሠርግ ያልተጠራው ፔንግዊን

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ፊልሞቻችን ያሉበት ሃርድ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሆሳዕና ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ያን ዕለት አቀናብሬ የጨረስኩት የሾኔዋ ሙሽራ ሠርግ ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ ካሴቶቹ ላይ የሚቀጥለውን ሠርግ ቀድተንባቸዋል። ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ይጠብቃል፤ ዲቪዲውን የሚወስድለት ሰው ቅዳሜ ይነሳል። እናታቸው ደግሞ ከጀርባዬ፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ሥር ተቀምጠዋል።

"ምንድን ነው የሚያንኳኳው?" አሉ።

"ዲስኩ ነው፣ እማማ።" አልሰሙኝም። እኔ ስናገር የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው።

መፍትሔው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሁለት አዳዲስ ዲስኮች አስመጥተናል፤ ከተጣመሩ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ሬይድ ይባላል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ ማጣመሪያ ካርድ ይገዛ ባይ ናቸው፤ ካርድ በእጅ ይዳሰሳል። እኔ ዊንዶውስ ራሱ ያጣምራቸው ባይ ነበርኩ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ዲስኮቹ ሳምንት ሙሉ ካርድ ሲጠብቁ ከረሙ።

ዲስኩ እንደገና ቀጭ አለ። በሩ ላይ ወደቆሙት ጋሼ ዞሬ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ካርዱ በመብራት ቢቃጠል ዲስኮቹ ደህና ሆነውም ላይነበቡ ይችላሉ። ተመሳሳዩን ከየት እናመጣለን? ዊንዶውስ ራሱ ያጣምራቸው።"

"ሁለት ካርድ እንገዛለና!"

"ሦስት ግዛ" አሉ እናትየው፤ "የልጄ ሠርግ እስኪጠፋ።"

የራሴን ሐሳብ ጉድለት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ሲስተም አለ፤ ፊልም የምናቀናብረው በዊንዶውስ ነው፣ ደንበኞች የሚያመጡትን ቫይረስ የሞላው ፍላሽ የምከፍተው በሊኑክስ።

"በካርድ ቢሆን ሁለቱም ፊልሞቹን ያያሉ" አልኩ። "ዊንዶውስ ያጣመረውን ግን የኔ ሊኑክስ አያየውም።"

ጋሼ ሳጥኑ ላይ የለጠፍኩትን የሊኑክስ አርማ፣ ወፍራሙን ፔንግዊን፣ በአገጫቸው አመለከቱ።

"ይሄ ወፍ ሠርግ ምን ሊያይ? ማን ጠራው?"

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ። ሊኑክስ ፊልሞቹን ካላየ፣ እዚያ የሚከፈት ፍላሽ ያመጣው ጣጣም እነሱ ጋ አይደርስም። ሳምንት ሙሉ አፌን ያስዘጋኝ ጉድለት እኮ የምንፈልገው ነገር ነበር።

"አልተጠራም!" አልኩ።

"እንዴ፣ ይቺ ልጅ ድምፅ አላት!" አሉ እናትየው።

ዲስኮቹን በዊንዶውስ አጣምሬ፣ ከታመመው ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሾኔውን ሠርግ ገለበጥኩ። እናትየው ግን አላመኑኝም፤ ሾኔ ሳይመለሱ ዘመድ ቤት አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼም ከአዳዲሶቹ ዲስኮች የአንዱን ገመድ ነቀልኩ።

"ኧረ በፈጠረሽ!" ጋሼ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

አበራሁት። ሠርጉ በቀረው ዲስክ ላይ ተከፈተ፤ ፊልሙ ላይ እናትየው መሀል ገብተው ይጨፍራሉ።

"ድምፁስ?" አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናትየው።

እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩትና ባዶ ዲቪዲ አስገባሁ።