ብርቄ የደገመችው ቃል

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከጎረቤላ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ መንደር አስተማሪ ሳለሁ ነው። ስንት ዘመን አልፎም ዛሬ ሳስታውሰው እደነግጣለሁ፤ ከዚያም ብቻዬን እስቃለሁ። በዚያን ዕለት አንዲት እናት በእኔ ምላስ ምክንያት ልትታሰር ምንም አልቀራትም ነበር።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ፣ "አንቺ የተወለድሽ ሌሊት ጎረቤት እንቅልፍ አልተኛም" ትለኝ ነበር።

በመንደሩ እትዬ ስንዱ የምትባል ባሏ የሞተባት ፈታይ ነበረች። በየቤቱ እየዞረች የሰው ጥጥ ትፈትላለች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ብርቄ ከሥሯ ተቀምጣ እንዝርቱ ሲሽከረከር ስታይ ትውላለች። የሰው ዓይን አታይም። "ብርቄ፣ ደኅና ነሽ?" ብትሏት፣ "ብርቄ፣ ደኅና ነሽ?" ትላችኋለች። አገሩ ሁሉ ልክፍት ነው ብሎ ደምድሟል። ጠበልም ተወስዳለች። ትምህርት ቤታችን ደግሞ "ይህቺ አትማርም" ብሎ መልሷታል።

ያን ክረምት ለመምህራን ሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ስለ ልዩ ትምህርት ግማሽ ቀን አስተማረንና በስቴንስል የተባዛ ሁለት ገጽ አደለን። የቃላት ፍቺ ነው። ኦቲዝም፦ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ከሌላው የተለየ የሚሆንበት፣ ከሕፃንነቱ አብሮት የሚያድግ ሁኔታ። ተደጋጋሚ ድርጊት፦ አንድን እንቅስቃሴ መደጋገም፣ የሚሽከረከር ነገር ሲያዩ መዋል። ማስተጋባት፦ የሰሙትን ንግግር እንዳለ መድገም፤ ወዲያው ወይም ከቀናት በኋላ።

ብድግ ብዬ "ይህቺ እኮ ብርቄ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ! ለልክፍቱ ስም ተገኘለት እኮ! ከሥሩ ሌላም መስመር ነበረ፤ በደስታዬ ብዛት ሳልጨርሰው ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ መፈክር አሰማ። ሰዉ እጁን አውርዶ ጸጥ ሲል ብርቄ ከእናቷ ጉያ ሆና የተከለከለውን የአማፂዎቹን የጫካ ሬዲዮ የዜና መክፈቻ አንበልብላ ለቀቀችው! ከነአንባቢው ድምፅ፣ ከነሬዲዮው "ሽሽሽ" ማለት። ወይ ጉድ! ያን ሬዲዮ መስማት ምን እንደሚያመጣ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል።

አንድ ታጣቂ እትዬ ስንዱን ክንዷን ይዞ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጎተታት። ብርቄ የእናቷን ነጠላ ጨብጣ ተከተለች። እኔም ወረቀቴን እያውለበለብኩ ሮጬ ገባሁ።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሁሉም ይጮሃል።

"ሬዲዮው የታል? ማነው የሰጠሽ?" ይላል ታጣቂው።

"ስለ ወላዲቷ! እኔ እንኳን ሬዲዮ ኩራዝም የለኝም!" ትላለች እትዬ ስንዱ።

ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኖ ጠረጴዛውን ይደበድባል። "ነገ በጠዋት ወደ አውራጃ ትላካለች!" አውራጃ የተላከ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

እኔ ሁሉንም በጩኸት በለጥኳቸው። "ጓድ ሊቀመንበር! ይህቺ ልጅ ኦቲዝም አለባት! ይኸው ተጽፏል! ማስተጋባት ይባላል! ከራሷ አንድ ቃል አትናገርም፤ የሰማችውን ብቻ ነው የምትደግመው!" እንዴት እንደኮራሁ ብታዩኝ!

ታጣቂው ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። "የሰማችውን ብቻ?"

"የሰማችውን ብቻ!"

"እንግዲያው እናቷ ቤት ሰምታዋለቻ። ደግ አደረግሽ፣ መምህርት።"

ክው አልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ፤ እኔ ደግሞ የሰው እናት ላሳስር ነው። እትዬ ስንዱ ቀና ብላ አየችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "አይደለም፣ ማለቴ..." እያልኩ የባሰ መጮህ ጀመርኩ። ታጣቂው ይጮሃል፣ ሊቀመንበሩ ይጮሃል፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይንጫጫል።

ይሄኔ ብርቄ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነችና በወፍራም የወንድ ድምፅ እንዲህ አለች፦

"እህም! ቀንሺው አልኩሽ፣ አስካለ! ሰው ይሰማል!"

አስካለ የሊቀመንበሩ ሚስት ናት። ያቺ "እህም" ደግሞ የማን እንደሆነች አገር ያውቃል፤ በየስብሰባው ከመፈክሩ በፊት እንሰማታለን። እትዬ ስንዱም ሳምንቱን ሙሉ ስትፈትል የከረመችው እነ አስካለ ቤት ነበር።

ታጣቂው ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ ለፍላፊዋ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መስሎ ተነሳ። "እህ..." ብሎ ሊጀምር አለና ተወው።

"ልጅቷ ሕመምተኛ ናት። መምህርት በወረቀት አስረድታናለች። ጉዳዩ ተዘግቷል። ወደየቤታችሁ!"

እትዬ ስንዱ ልጇን አዝላ ወጣች። ትልቅ ልጅ ናት፣ ግን አዘለቻት።

ኋላ እንደሰማሁት የሊቀመንበሩ ልጅ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ሬዲዮ የምርኮኞች ስም ይነበባል ሲሉት ነው ማዳመጥ የጀመረው። አልፈረድኩበትም፤ እንዲያውም አንጀቴን በላው።

ሰኞ ጠዋት ራሱ ብርቄን እጇን ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። "ትመዝገብ" ብሎ ሄደ። ማን እምቢ ይበል!

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስድሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ "ሀ፣ ሁ" ሲል ብርቄ ጆሮዋን ደፈነች። "እህም! ቀንሺው አልኩሽ፣ አስካለ! ሰው ይሰማል!" አስካለም እዚያ የለች፣ ሬዲዮም የለ። ልጆቹን በእጄ ምልክት ዝም አሰኘኋቸው። ብርቄ እጆቿን ቀስ አድርጋ ከጆሮዋ አወረደች።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሳልጨርስ የተውኩትን መስመር አነበብኩ። "ማስተጋባት ባዶ ድምፅ አይደለም፤ ልጁ በተዋሰው ቃል የራሱን ፍላጎት እየነገረን ሊሆን ይችላል" ይላል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ለካ ብርቄ ሊቀመንበሩን ልታጋልጥ አልነበረም። ጩኸት ሲያሠቃያት "ቀንሱልኝ" የምትልበት ያላት ቃል ያ ነው። ከራሷ አንድ ቃል አትናገርም ብዬ ወረቀት ሳውለበልብ፣ እሷ ፊት ለፊቴ እየተናገረች ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቃል የሚደጋግም ልጅ ባየሁ ቁጥር ያ ደስታ እንደ አዲስ ይነሳብኛል፤ መጀመሪያ ግን ድምፄን እቀንሳለሁ። የዚያ አገር ሰው ዛሬም "ብርቄ ሊቀመንበሩን ዝም አሰኘችው" እያለ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚያች ቢሮ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ።