እትዬ ጠብታ እና በአንቴናው የገባው ውሃ

እትዬ ጠብታ ጣሪያ ሠሪ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጣሪያ አፈሰሰ ተብለው ሲጠሩ መሰላል ከማቆማቸው በፊት ወንበር ስበው ይቀመጡና ጠብታውን ያዳምጣሉ። ሙያውን የወረሱት ከአባታቸው ነው። አባትየው ወንድ ልጅ ሲጠብቁ አራት ሴቶች ተወለዱላቸው፤ ጊዜው ሲደርስ ሦስተኛዋን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። «ቆርቆሮ ወንድ ሴት አይልም» ይሉ ነበር አሉ።

እኔ የማውቃቸው ከአምቡላንስ ጥሪ ክፍል ነው። ሬዲዮው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሰው ሲደውል አድራሻውን ተቀብዬ ለሾፌሮቹ አስተላልፋለሁ። በጋውን ድምፃችን ጥርት ያለ ነበር። ዝናብ ሲጀምር ግን ሬዲዮው እንደ ጋለ መጥበሻ ይንጣጣል። «ከድልድዩ ወዲህ» ስል ሾፌሩ «ወዲያ» ይሰማል። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ አምቡላንሱ የደረሰው ልጁ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ ከተኛ በኋላ ነው። እናትና ልጅ ደህና ነበሩ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም።

ኢንጂነራችን ታታሪ ወጣት ነው። በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ኬብል ቀይሯል። አንቴናው ላይ ያለውን መጋጠሚያ እንደተሰበረ እግር በናስትሮ ጠቅልሎት፣ በላዩ ላይ ሲሊኮን ደፍቶበታል። ዝናብ ሲመጣ ያው በገሌ ነው።

በሦስተኛው ክረምት ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ውሃ ተጠራቅሞ አገኘሁ። ኃላፊያችን መጥቶ አየና ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ።

«ጥፋቱ ተገኘ። ሬዲዮውን የሚያበላሸው ይሄ ጣሪያ ነው። የሠራችው ሴትዮ ትጠራ» አለ።

ጣሪያውን ከሁለት ዓመት በፊት የሠሩት እትዬ ጠብታ ነበሩ። ዝናቡ እየወረደ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። እንደ ልማዳቸው ወንበር ሳይስቡ በቀጥታ ኮርኒሱ ውስጥ ገቡና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው አቧራ ለብሰው ወረዱ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«ታዲያ ውሃው ከሰማይ ወረደ?» አለ ኃላፊው።

«ከሰማይማ ነው የወረደው። በየት በኩል እንደመጣ ነው ጥያቄው።»

ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበሉ። ጠብ። ቆይቶ፣ ጠብ። ጣታቸውን በጥቁሩ ኬብል ላይ እያስኬዱ ሄደው፣ ከሬዲዮው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ አቆሙ።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን ፍታልኝ» አሉት ኢንጂነሩን።

«እትዬ፣ በዚህ ውስጥ የሚያልፈው ሲግናል ነው እንጂ ውሃ አይደለም» አለ ፈገግ ብሎ። ቢሆንም አክብሯቸው ሬዲዮውን አጠፋና ፈታው። ከኬብሉ ጫፍ ውሃ መዳፉ ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ፈገግታው ጠፋ። የኬብሉን ልባስ በቢላ ሰንጥቆ ሲያየው፣ ከሥሩ ያለው የመዳብ መረብ ጠቁሯል። ውሃው አንቴናው በተሰቀለበት ምሰሶ ጫፍ ላይ ገብቶ፣ በመረቡ ውስጥ ሃያ ሜትር ተጉዞ ነው ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አሉ እትዬ ጠብታ። «የዚህኛው ሥር ግን ያለው ከላይ ነው። ሲያባራ እንወጣለን።»

በማግስቱ ጠዋት የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀው ከኢንጂነሩ ጋር ምሰሶው ላይ ወጡ። እኔ ከታች ሆኜ እሰማለሁ።

«ይሄን ናስትሮ ከላይ ወደ ታች ነው የጠቀለልከው?»

«አዎ።»

«እኛ ቆርቆሮ ስንመታ ከታች ነው የምንጀምረው። የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል፤ ውሃው ተንሸራቶ ያልፋል። ያንተው ተገልብጦ እያንዳንዱ ዙር ለዝናቡ አፉን ከፍቶለታል። ይሄስ ቀዳዳ ለምን ተደፈነ?» በአንቴናው ግርጌ ካለችው ትንሽ ሳጥን ሥር የነበረችውን ቀዳዳ ማለታቸው ነው።

«ውሃ እንዳይገባ ብዬ።»

«ምንም ብትለፋ ርጥበት አይቀርም። የገባው በየት ይውጣ? ከላይ ዝጋበት፣ ከታች መውጫ ተውለት።»

ኢንጂነሩ ኩራት የሚባል አልፈጠረበትም። አዲስ ኬብል አመጣ፤ ሲለጥጡት እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ናስትሮም አመጣ። እትዬ ጠብታ ጎማውን ሲለጥጡት ፊታቸው በራ፤ ለራሳቸውም አንድ ጥቅል ጠየቁ። መጋጠሚያውን ከታች ወደ ላይ ጠቀለሉት፤ ፀሐይ እንዳይበላው በላዩ ጥቁር ናስትሮ ደረቡበት። ኬብሉ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም አድርገው እንደ ሆድ አንጠለጠሉት፤ ውሃው እዚያ ደርሶ መሬት ላይ እንዲንጠባጠብ።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ኃላፊው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ጠብታም ማንም ሳይጠራቸው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ስልኩ ጮኸ፤ አንዲት ሴት ባሏ ደረቱን ይዞ ወድቆባታል። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

«ሰማያዊ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ ሰምቻለሁ» አለ ሾፌሩ። «ዛሬ ምነው፣ አጠገቤ የተቀመጥሽ መሰለኝ?»

በአሥራ አንድ ደቂቃ ሰውየውን ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ተረፈ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ የእትዬ ጠብታን እጅ ሳመ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ፣ ጣሪያዎን በሐሰት ከሰስኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጣሪያው ይቅር ብሎዎታል» አሉ። «እኔ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።»

ከዚያ በኋላ የሌሎቹን አምስት የአምቡላንስ ጣቢያዎች አንቴናዎች ከኢንጂነሩ ጋር እየዞሩ አስተካከሉ። ቀጥሎም የየጣቢያውን ቴክኒሻኖች እንዲያሠለጥኑ ተጠሩ። አሥራ ሁለት ወንዶች ፊት ቆመው ብዙ አላወሩም። ለእያንዳንዱ ውስጡ ደረቅ ወረቀት ያለበት መጋጠሚያ ሰጡና «ጠቅልሉ» አሉ። የተጠቀለለውን ሁሉ እስከ ምሳ ድረስ ቧንቧ ሥር አቆዩት። ሲፈታ የሰባቱ ወረቀት ርሷል፤ ከሰባቱ አንዱ ሠላሳ ዓመት የሠሩት የቴክኒሻኖቹ አለቃ ነበሩ። አለቃው ወረቀታቸውን ጨምቀው አዩት፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ናስትሮውን ከታች ጀመሩ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ እንደ ጉድ ዘነበ። በስድስቱም ጣቢያ በሬዲዮ ብልሽት የጠፋ አንድም ጥሪ የለም።